በራስዎ ስም የተመዘገበ ድረ ገጽ፦ ማብራሪያ ለሐዋሳ ጀማሪዎች

ፒያሳ አካባቢ ያለው የሠርግ ፎቶ አንሺ ሥራውን የሚያሳየው በቴሌግራም ቻናል ነው፤ የቤት ዕቃ ሠሪው በቲክቶክ፣ እንግዶችን በአሞራ ገደልና በታቦር ተራራ የሚያዞረው አስጎብኚ ደግሞ በፌስቡክ። መንገዱ ይሠራል፣ ደንበኛም ያመጣል። ነገር ግን አካውንቱ በተሰረቀ ወይም በተዘጋ ቀን የዓመታት ሥራ አብሮ ይጠፋል። ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ወጣትም ለሥራ ወይም ለነፃ ትምህርት ዕድል ሲያመለክት «እስካሁን የሠራኸውን የት እንየው?» ይባላል፤ ያኔ የሚሰጠው አንድ ቋሚ አድራሻ ያስፈልገዋል።

የግል ድረ ገጽ ይህን አድራሻ ይሰጣል። የሚሰጠው ግን ሦስት ነገሮች በባለቤቱ እጅ ሲሆኑ ነው፦ የድረ ገጹ ስም፣ ፋይሎቹ፣ እንዲሁም የሁለቱንም አካውንት የሚከፍተው ኢሜይል። ገጹን ሌላ ሰው ቢሠራልዎት ምንም ክፋት የለውም። ከሦስቱ አንዱ በሠሪው እጅ ከቀረ ግን ገጹ የእርስዎ ሊባል አይችልም።

ከጀርባ ያለው አሠራር

አንድ ሰው ስልኩ ላይ የድረ ገጽዎን ስም ሲጽፍ ብራውዘሩ መጀመሪያ የስሙን ቁጥር ያጠያይቃል። ኢንተርኔት ላይ ያሉ ሰርቨሮች (ገጾችን አስቀምጠው የሚልኩ ኮምፒውተሮች) የሚታወቁት በቁጥር ስለሆነ፣ ስምን ከቁጥር ጋር የሚያዛምድ ዲኤንኤስ የሚባል መዝገብ አለ። ቁጥሩ ሲገኝ ብራውዘሩ ወደዚያ ሰርቨር ሄዶ ገጹን ይጠይቃል፤ ሰርቨሩም ኢንዴክስ ዶት ኤችቲኤምኤል የተባለውን ፋይል (ኤችቲኤምኤል ድረ ገጽ የሚጻፍበት ኮድ ነው) ከፎልደሩ አውጥቶ ይልካል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ስም (ዶሜይን)፣ ፋይሎቹ የሚቀመጡበት ቦታ (ሆስቲንግ) እና ፋይሎቹ ራሳቸው ናቸው።

ስሙንና ሆስቲንጉን ከተለያየ ቦታ መውሰድ ይሻላል። ሁለቱንም ከአንድ ሻጭ የገዛ ሰው፣ ከሻጩ ጋር ያልተግባባ ቀን ሁለቱንም አንድ ላይ ሊያጣ ይችላል። ሆስቲንጉን ቤት ባለ ኮምፒውተር ላይ ማድረግም አይመከርም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ገጹ ይጠፋል፣ የቤት ኢንተርኔት ቁጥርም በየጊዜው ስለሚቀያየር የሚፈልግዎ ሰው አያገኝዎትም።

ስሙን መምረጥና መግዛት

ስም ሲመርጡ ዋናው ፈተና በስልክ ተናግረውት ሌላው ሰው በትክክል መጻፉ ነው። የእኛ ስሞች በላቲን ፊደል ሲጻፉ ወጥ አጻጻፍ የላቸውም። ከተማችን ራሷ በአንድ ኤስም በሁለት ኤስም ትጻፋለች፤ በኤች የሚጀምራት አለ፣ በኤ የሚጀምራትም አለ። ፀሐይ የሚለው ስም መጨረሻው ዋይም አይም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፓስፖርትዎ ወይም ዲግሪዎ ላይ ያለውን አጻጻፍ ይያዙ፤ ቀጣሪ ወይም ዩኒቨርሲቲ የሚፈልግዎ በዚያ ነው። ስምዎና የአባትዎ ስም ተያይዘው ቢጻፉ ይበቃል። ሰረዝና ቁጥር አያስገቡ፤ በቃል ሲነገሩ ሁሌም ይሳሳታሉ።

መጨረሻውን በተመለከተ ለጀማሪ ሁለት ምርጫ አለ። ዶት ኢቲ የአገራችን ሲሆን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ ለድርጅቶች ዶት ኮም ዶት ኢቲ፣ ለግለሰቦች ደግሞ ዶት ኔም ዶት ኢቲ የሚባሉ ቅርንጫፎች አሉት። ጥቅሙ በብር መከፈሉ ነው። ዶት ኮም በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር ገደማ ያወጣል። እዚህ ላይ የሚታየው ወጥመድ የመጀመሪያው ዓመት ቅናሽ ነው፦ በ1 ወይም በ2 ዶላር የተሸጠ ስም በሁለተኛው ዓመት 20 ዶላር ሊጠየቅበት ይችላል። ከመክፈልዎ በፊት የዕድሳቱን ዋጋ ይመልከቱ፤ የመግቢያው ዋጋ ምንም አይነግርዎትም።

ክፍያው ራሱ ብዙ ሰው የሚቆምበት ቦታ ነው። የውጭ ሻጮች ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ይጠይቃሉ፤ የተለመደው የብር ኤቲኤም ካርድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ውጭ አይሠራም። የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ካለዎት ባንክዎን ስለ ዓለም አቀፍ ካርድ ይጠይቁ። ከሌለዎት ውጭ የሚኖር ዘመድ ሊከፍል ይችላል፤ ግን አካውንቱ በእርስዎ ስምና ኢሜይል ይከፈት፣ ዘመድዎ የካርድ ቁጥሩን ብቻ ያስገባ። የዘመድዎ ካርድ ጊዜው ሲያልፍ የራስ ሰር ዕድሳቱም እንደሚቆም አይዘንጉ።

ሦስተኛው መንገድ በብር ወይም በቴሌብር ተቀብሎ ስሙን የሚገዛልዎት የአገር ውስጥ ሻጭ ነው። ይህም ጥሩ ነው፤ ሆኖም ስሙ የሚመዘገበው በማን ነው? ስሙን በሠሪው ኢሜይል ማስመዝገብ ቤት አሠርቶ ካርታውን በግንበኛው ስም እንደማውጣት ነው። ሰውየው ከተማ ቢቀይር፣ ሥራ ቢተው ወይም ስልኩ ቢጠፋ ስሙን የሚያስመልሱበት ማስረጃ የለዎትም። የባለቤት ስም በአደባባይ መፈለጊያ ላይ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአብዛኛው ተሸፍኖ ስለሚቀርብ በዚያ ማረጋገጥ አይቻልም። አስተማማኙ ማረጋገጫ አንድ ነው፦ ስሙ ወደተመዘገበበት ድርጅት አካውንት ራስዎ፣ በራስዎ ፓስወርድ መግባት መቻልዎ።

ዶት ኮምና መሰሎቹን በገዙ ሰዓት የሚላክልዎትን የማረጋገጫ ኢሜይል ሳይከፍቱ አይደሩ። በ15 ቀን ውስጥ ሊንኩ ካልተጫነ ስሙ እንዲታገድ ደንቡ ያዛል፤ «ገጼ ከሁለት ሳምንት በኋላ በድንገት ጠፋ» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ኢሜይሉ ስፓም ውስጥም ሊገባ ይችላል። በተገዛ በ60 ቀን ውስጥ ስሙን ወደ ሌላ ሻጭ ማዛወር አብዛኛውን ጊዜ አይፈቀድም።

ጊዜው ካለፈበት ስም ቶሎ ያድሱት። መጀመሪያ ሻጩ በሚሰጠው የእፎይታ ጊዜ በመደበኛ ዋጋ ይታደሳል። ያ ሲያልፍ 30 ቀን የሚቆይ፣ መቀጫው ከስሙ ዋጋ ብዙ እጥፍ የሆነ ጊዜ ይከተላል። ከዚያ ለ5 ቀን ተቆልፎ ይቆይና ለማንም ክፍት ይሆናል። የማብቂያው ቀን የሚጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ 03/04 የሚል ቀን በአሜሪካ አጻጻፍ ማርች 4 እንጂ ኤፕሪል 3 አይደለም። ስልክዎ ላይ ከአንድ ወር በፊት የሚያስታውስ ማንቂያ ያስገቡ።

በምን ይሠራ

ኮድ ማየት የማይፈልግ ሰው ጎግል ሳይትስ ላይ በነፃ፣ ጽሑፍና ፎቶ እየጎተተ በአንድ ከሰዓት ገጽ ሊያቆም ይችላል። ችግሩ የሠሩትን እንዳለ አንስተው ወደ ሌላ ሆስቲንግ መውሰድ አለመቻልዎ ነው። ዎርድፕረስ የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ደግሞ በየሳምንቱ ጽሑፍ ለሚያወጣ ወይም ብዙ ጸሐፊ ላለው ሰው ይስማማል። ለአንድ ግለሰብ ገጽ ግን ከባድ ነው፦ ዳታቤዝ አለው፣ በየጊዜው መታደስ ያለባቸው ፕለጊኖች (ተጨማሪ ክፍሎች) አሉት፣ ሳይታደስ የከረመ ዎርድፕረስ ደግሞ የሰርጎ ገቦች የተለመደ ሲሳይ ነው። ከማይታወቅ ቦታ «ተሰብሮ» በነፃ የሚታደል ፕሪሚየም ቴም (የሚሸጥ የገጽ መልክ) መጫንማ በር ከፍቶ እንደመተኛት ይቆጠራል።

ለግል ገጽ የምንመክረው ሦስተኛውን መንገድ ነው፦ ጥቂት የኤችቲኤምኤል ፋይሎች። አይሰበሩም ማለት ይቻላል፣ በነፃ ይቀመጣሉ፣ ፎልደሩን ፍላሽ ላይ ገልብጠው ወደፈለጉት ቦታ ያዛውራሉ። ለመማር ጥቂት ቀናት ይወስዳል።

የመጀመሪያው ገጽ

ላፕቶፕ ላይ ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ይጫኑ። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ለመጫን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለ ዳታ ይሠራሉ፣ ፋይሉን ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርገው ውጤቱን በብራውዘር ያያሉ።

አንድ ፎልደር ይክፈቱ። ውስጡ የገጹ ፋይል፣ የመልክ ፋይሉ (ሲኤስኤስ) እና የፎቶዎች ፎልደር ይኖራሉ። የፋይል ስሞች በሙሉ በትንንሽ የላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ፣ ያለ ግዕዝ ፊደል ይጻፉ። ዋናው ፋይል የግድ ኢንዴክስ ዶት ኤችቲኤምኤል ይባል፤ ሌላ ስም ከሰጡት ሰርቨሩ የመጀመሪያ ገጽ አያገኝም። ዊንዶውስ የፋይል ቅጥያዎችን ስለሚደብቅ በኖትፓድ የተቀመጠ ፋይል ከኋላው ዶት ቲኤክስቲ ተቀጥሎበት ሊቀር ይችላል። የዊንዶውስ ፋይል ማሳያ ላይ ቅጥያዎች እንዲታዩ ያድርጉና ያረጋግጡ።

ፋይሉን በትክክለኛ ስሙ ካስቀመጡ በኋላ ባዶው ገጽ ላይ የቃለ አጋኖ ምልክቱን (!) ብቻ ጽፈው ታብ ይጫኑ። ፕሮግራሙ የገጹን ሙሉ አጽም ራሱ ይጽፍልዎታል። ውስጡ ያሉትን ሦስት መስመሮች ይወቋቸው። አንደኛው ቻርሴት ዩቲኤፍ 8 የሚለው ነው፤ አማርኛው አማርኛ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገው እሱ ስለሆነ አይንኩት። ሁለተኛው ቪውፖርት የሚለው ነው፤ እሱ ከሌለ ገጹ ስልክ ላይ እንደ ጉንዳን ያነሰ ጽሑፍ ይዞ ይከፈታል። ሦስተኛው ከላይ ያለው የቋንቋ ምልክት ነው፤ ኢኤን የሚለውን አጥፍተው ኤኤም ይጻፉ። ብራውዘሩ ገጹ አማርኛ መሆኑን ካወቀ ለማየት የተሳናቸው ሰዎች የሚጠቀሙበት የንባብ ፕሮግራምም በትክክለኛው ቋንቋ ያነባል። ሐዋሳ ላይ ብዙዎች ገጻቸውን በሲዳምኛም ማዘጋጀት ይፈልጋሉ፤ ለሲዳምኛ ገጽ ምልክቱ ኤስአይዲ ነው። ሁለቱን ቋንቋዎች በአንድ ገጽ ከማቀላቀል ለየብቻ ገጽ ሠርቶ በሊንክ ማገናኘት ይመረጣል።

ይዘቱ አጭር ይሁን፦ ማን እንደሆኑ፣ ምን እንደሚሠሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የት እንደሚገኙ፣ ከስድስት እስከ ስምንት የተመረጡ ሥራዎች፣ እንዴት እንደሚያገኙዎት። አርባ ፎቶ ከማቅረብ ስምንት ምርጥ ማቅረብ ሥራዎን ያስከብራል። ስልክ ቁጥሩን ሲጫኑት የሚደውል ሊንክ ያድርጉት፤ ሊንኩ ውስጥ የመጀመሪያዋን 0 ጥለው በ+251 ይጀምሩ፤ አለበለዚያ ከውጭ የሚደውል ሰው አያገኝዎትም። የቴሌግራም ሊንክም አብሮ ይግባ። የመልእክት መላኪያ ፎርም ግን በእነዚህ ፋይሎች ብቻ አይሠራም፤ መልእክቱን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ሰርቨር ይፈልጋል። ለጊዜው የጎግል ፎርም ሊንክ ይተካዋል።

መልኩን በተመለከተ ሦስት ውሳኔ ብቻ ይበቃል። የጽሑፉ ስፋት ከ650 ፒክስል ገደማ አይለፍ፤ ትልቅ ስክሪን ላይ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ መስመር ዓይን ያደክማል። የፊደሉ መጠን 18 ፒክስል ይሁን። በመስመሮች መካከል ያለው ክፍተት 1.7 ወይም 1.8 ይሁን፤ ለእንግሊዝኛ የተለመደው 1.5 የእኛን ፊደል ያጨናንቀዋል።

የግዕዝ ፊደል ራሱን የቻለ ጉዳይ

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (የዓለም ፊደሎች የጋራ የኮምፒውተር ኮድ) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የኮምፒውተር ፊደሎች (ፎንቶች) የላቲን ፊደል ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጽ የሚስሉ ነበሩ። በእነዚያ የተጻፈ የቆየ ሲቪ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ከዎርድ ኮፒ አድርገው ገጹ ላይ ሲለጥፉ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደሎችና ምልክቶች ይወጣሉ። ጽሑፉ አልተበላሸም፣ ግን ፎንቱን መቀየር አያድነውም፤ ወደ ዩኒኮድ በሚለውጥ ፕሮግራም ማሳለፍ ወይም እንደገና መተየብ ያስፈልጋል።

ጭረትና ነጥብ ያለባቸው የላቲን ፊደሎች ተደጋግመው ከታዩ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፦ ፋይሉ በዩቲኤፍ 8 ተጽፎ በሌላ ኮድ እየተነበበ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ ብራውዘሩ ሦስቱን ለየብቻ ካነበባቸው አንዱ «ሐ» ሦስት እንግዳ ምልክት ይሆናል። የቻርሴት መስመሩ መኖሩን፣ ፋይሉም በዩቲኤፍ 8 መቀመጡን ይመልከቱ። ባዶ ሳጥን ብቻ ከታየ ግን ጽሑፉ ደህና ነው፤ በዚያ መሣሪያ ላይ የጎደለው የግዕዝ ፎንት ነው።

ፎንት መጫን ለአብዛኛው ገጽ አያስፈልግም። አሁን ያሉት የአንድሮይድ ስልኮች ኖቶ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ይዘው ይመጣሉ፤ አዲሱ ዊንዶውስ ኤብሪማ፣ የቆየው ኒያላ አለው፣ የአፕል ኮምፒውተሮች ከፋ የሚባለውን። ሲኤስኤሱ ላይ እነዚህን በተራ ይጻፉ፤ ብራውዘሩ ያለውን ይወስዳል። የግድ የራሴ ፊደል ካሉ በዎፍ 2 የተጨመቀውን፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ውፍረት ሳያልፉ ይጠቀሙ። ያዘመመ ጽሑፍ ይተዉ፤ አብዛኛው የግዕዝ ፊደል የተዘጋጀ ያዘመመ ቅርጽ ስለሌለው ብራውዘሩ በግድ ያጋድመዋል፤ አጽንዖት መስጠት ሲፈልጉ ያወፍሩት።

የገጽ አድራሻን በግዕዝ ፊደል መጻፍ ያጓጓል፤ ብራውዘሩ ላይም ያምራል። ነገር ግን ሊንኩ ኮፒ ሲደረግ እያንዳንዱ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ይዘረዘራል፤ «ሐዋሳ» የሚለው ባለ ሦስት ፊደል ቃል 27 ምልክት ይሆናል። ሰው ቴሌግራም ላይ ሲያየው አጭበርባሪ ሊንክ ይመስለዋል። አድራሻው በላቲን፣ ርእሱ በአማርኛ ይሁን።

አንድ ሌላ ነገር፦ ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ አዋሳ የሚሉት ሦስቱም ይጻፋሉ፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሰዎች በየትኛው እንደሚፈልጉዎ ስለማይታወቅ ዋናውን አጻጻፍ ይዘው ሌላውን የፎቶ መግለጫ ላይ አንድ ጊዜ ቢያስገቡት ጥሩ ነው።

ፎቶ ከሁሉም ይከብዳል

ጽሑፉ ቢበዛ ጥቂት ኪሎባይት ነው። በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ ግን ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል። እንዳለ አሥር ቢያስገቡ 40 ሜጋባይት ይሆናል፤ በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚሰጥ ግንኙነት ይህን ለማውረድ 160 ሰከንድ ይፈጃል፣ ከጎብኚው ፓኬጅ ላይም 40 ሜጋባይት ይበላል። ደንበኛው ያን ያህል አይጠብቅም።

የፎቶውን ስፋት ወደ 1200 ፒክስል ያውርዱ፣ በዌብፒ መልክ ጥራቱን 75 ገደማ አድርገው ያስቀምጡ። ስኩሽ የተባለው ነፃ መሣሪያ በብራውዘር ውስጥ ይህን ይሠራል። ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ኪሎባይት በታች ይሆናል፤ ስልክ ላይ ልዩነቱ አይታይም። ፎቶ አንሺዎች እዚህ ላይ ቅር ይላቸዋል፤ ሆኖም ሙሉ ጥራት ያለው ፎቶ ገጽ ላይ ከተለጠፈ ማንም ወስዶ ሊያሳትመው እንደሚችል ማሰብ ይበጃል። ዋናው በሐርድ ዲስክ ይቀመጥ። ለእያንዳንዱ ፎቶ ደግሞ ምን እንደሚያሳይ አንድ መስመር ገላጭ ጽሑፍ ይስጡት፤ ፎቶው ሳይከፈት ሲቀር የሚታየው፣ ጎግልም የሚያነበው እሱ ነው።

የስልክ ካሜራ የቦታ መረጃ ከበራ ፎቶው የተነሳበትን ነጥብ ፋይሉ ውስጥ ይጽፋል። ቤትዎ ያነሱት ፎቶ የቤትዎን ቦታ ይዞ ይወጣል ማለት ነው። ከላይ በተገለጸው መንገድ አሳንሰው ሲያስቀምጡት ይህ መረጃ አብሮ ይወገዳል፤ እንዳለ ከለጠፉት ግን ይቀራል።

ፋይሎቹን ማውጣት

ለእንዲህ ዓይነት ገጽ ጊትሀብ ፔጅስ (ጊትሀብ የተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ የሚሰጠው ሆስቲንግ) በነፃ ያገለግላል። የገጹ መጠን እስከ 1 ጊጋባይት፣ የወሩ ትራፊክ እስከ 100 ጊጋባይት ይፈቀዳል፤ ለግል ገጽ ከበቂ በላይ ነው። ለኦንላይን ሱቅ ግን ደንቡ አይፈቅድም፤ ዕቃ የሚሸጥ ገጽ ወደ ሌላ ሆስቲንግ ይሂድ።

አካውንት ሲከፍቱ የተጠቃሚ ስሙን አስበው ይምረጡ፤ የነፃው አድራሻዎ አካል ይሆናል። ቀጥለው አዲስ ሪፖዚተሪ (ፋይሎቹ የሚቀመጡበት የጊትሀብ ፎልደር) ይክፈቱና ስሙን የተጠቃሚ ስምዎ፣ ከዚያ ዶት ጊትሀብ ዶት አይኦ ብለው ይጻፉ፤ ለሕዝብ ክፍት ያድርጉት። ፋይሎቹን በብራውዘር ጎትተው ይጭናሉ፤ በአንድ ጊዜ እስከ 100 ፋይል፣ እያንዳንዱም እስከ 25 ሜጋባይት። የሚጫነው ፎልደሩ ሳይሆን ውስጡ ያለው ነው፤ ዋናው ፋይል ሌላ ፎልደር ውስጥ ከገባ ገጹ 404 (አልተገኘም) ይላል። ለውጡ እስኪታይ እስከ 10 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል።

ባለ ሁለት ደረጃ መግቢያውን በስልክ አፕ ያድርጉት፣ የሚሰጥዎትን የመጠባበቂያ ኮዶችም ወረቀት ላይ ጽፈው ያስቀምጡ። ስልክዎ ቢጠፋ የሚያስገባዎት እነዚህ ኮዶች ናቸው። በኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተር ከሠሩ ፓስወርዱን ብራውዘሩ እንዳያስቀምጥ ይከልክሉ፣ ሲጨርሱም ከአካውንቱ ይውጡ።

ላፕቶፕ ላይ የሚታየው ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ከጠፋ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው የትልቅና የትንሽ ፊደል ልዩነት ነው፦ ዊንዶውስ አይለይም፣ ሰርቨሩ ይለያል። ካሜራው ቅጥያውን በትልቅ ፊደል ጽፎት ኮዱ ውስጥ በትንሽ ከተጠራ ቤት ውስጥ ይከፈታል፣ ሰርቨር ላይ አይገኝም። ሁለተኛው የአድራሻው አጻጻፍ ነው፤ በሲ ድራይቭ የሚጀምር አድራሻ ኮዱ ውስጥ ካለ የሚጠራው የእርስዎን ላፕቶፕ ነው፣ ሰርቨሩ ደግሞ አያውቀውም። አድራሻው ከፎቶዎቹ ፎልደር ስም ይጀምር። መልኩን ቀይረው ለውጡ ካልታየ ደግሞ ብራውዘሩ የድሮውን ስላስቀመጠ ነው፤ ኮንትሮልና ኤፍ 5 አብረው ይጫኑ።

ስሙን ከገጹ ጋር ማገናኘት

ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። መጀመሪያ በጊትሀብ ሪፖዚተሪ ቅንብር ውስጥ የገዙትን ስም ያስገቡ፣ ከዚያ ወደ ስሙ ሻጭ ሄደው ዲኤንኤሱን ይቀይሩ። በተቃራኒው ከሄዱ በመካከል ሌላ ሰው ስሙን በራሱ ገጽ ላይ ሊያስር የሚችልበት ክፍተት ይፈጠራል።

ዲኤንኤሱ ላይ አራት የኤ መዝገቦች (ስሙን ወደ ሰርቨር ቁጥር የሚመሩ መስመሮች) ይገባሉ፦ 185.199.108.153፣ 185.199.109.153፣ 185.199.110.153 እና 185.199.111.153። በደብልዩ ደብልዩ ደብልዩ ለሚጀምረው ደግሞ አንድ የሲኔም መዝገብ (ስምን ወደ ሌላ ስም የሚመራ መስመር)፣ ወደ ነፃው የጊትሀብ አድራሻዎ። ሻጩ ራሱ ያስገባውን የድሮ የኤ መዝገብ ያጥፉ፤ እሱ ከቀረ ገጹ አንዴ የእርስዎ፣ አንዴ የሻጩ ማስታወቂያ ሆኖ ይከፈታል። ለውጡ አንዳንዴ በደቂቃዎች፣ አንዳንዴ በአንድ ቀን ይዳረሳል፤ ደጋግሞ መቀያየር ያራዝመዋል።

በመጨረሻ ኤችቲቲፒኤስን (ግንኙነቱን የሚመሰጥረውን አሠራር) አስገድድ የሚለውን ምርጫ ያብሩ። የምስክር ወረቀቱ በነፃ ይሰጣል፣ ራሱም ይታደሳል፤ እስኪወጣ እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ለግል ገጽ ይህንኑ የምስክር ወረቀት ኤስኤስኤል ብሎ ለብቻ ገንዘብ የሚጠይቅ ሻጭ ካለ አይክፈሉ፤ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት ያለ ክፍያ የሚሰጠው ለዚሁ ነው።

ገጹ ላይ የማይወጣ

የፋይዳ ቁጥር፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የፓስፖርት ገጽ አይለጠፍ። የዲግሪ ስካንም እንዲሁ፤ ማኅተሙና ፊርማው ጥርት ብሎ የሚታይ ስካን ለአስመሳይ ጥሬ ዕቃ ነው። የተመረቁበትን ትምህርትና ዓመት በጽሑፍ ይግለጹ፣ ዋናው ሲጠየቁ ለጠያቂው ይላካል። የሠርግ ወይም የፍቼ ጨምበላላ በዓል ፎቶ ሲያወጡ የሚታዩትን ሰዎች አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ ለሕፃናት ደግሞ ወላጅ ይጠየቅ። ለሕዝብ ክፍት በሆነ ሪፖዚተሪ ውስጥ አንዴ የገባ ፋይል ቢሰረዝም በታሪክ መዝገቡ ውስጥ እንደሚቀር ይወቁ።

ጎግል ላይ መገኘት

አዲስ ገጽ ወዲያው አይገኝም፤ ከቀናት እስከ ሳምንታት ይወስዳል። ጎግል ሰርች ኮንሶል (ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ያዘጋጀው መሣሪያ) ውስጥ ስሙን አስመዝግበው፣ የሚሰጥዎትን የቲኤክስቲ መዝገብ ዲኤንኤሱ ላይ ያስገቡ፤ ባለቤትነትዎ ሲረጋገጥ የገጹን አድራሻ ሰጥተው እንዲመዘገብ ይጠይቁ። ለእያንዳንዱ ገጽ የተለየ ርእስ ይስጡ፤ አጽሙ ይዞት የሚመጣው ዶክዩመንት የሚል ርእስ ሳይቀየር የቀረባቸው ገጾች ብዙ ናቸው። የቴሌግራም፣ የፌስቡክና የሊንክዲን መግለጫዎችዎ ላይ አድራሻውን ያስገቡ። «በሦስት ቀን አንደኛ እናደርግዎታለን» የሚል አይመኑ፤ ደረጃን የሚሸጥ የለም፣ ጎግልም ለዚህ ክፍያ አይቀበልም።

በሌላ ሰው የሚያሠሩ ከሆነ

የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠትዎ በፊት ከሠሪው ጋር ኮምፒውተር ፊት ይቀመጡ። ወደ ስሙ አካውንት ይግቡ፣ ኢሜይሉና የመመለሻ ስልኩ የእርስዎ መሆናቸውን ይዩ፣ ፓስወርዱን እዚያው ይቀይሩ። ሆስቲንጉም ላይ እንዲሁ ያድርጉ። የፋይሎቹን ሙሉ ፎልደር በፍላሽ ይረከቡ፣ ቤትዎ ሄደው በራስዎ ላፕቶፕ ይክፈቱት፤ ዎርድፕረስ ከሆነ የዳታቤዙን ቅጂ ጭምር ይጠይቁ። የዕድሳት ቀኑንና ዋጋውን በጽሑፍ ይቀበሉ። ሠሪው «እኔ ጋ ይቀመጥ፣ አትጨነቁ» ካለ ክፍያውን ያቆዩት።